መንገድ ያስተምራልን?

ሰው ረጅም መንገድ በእግሩ ከሄደ ይማራል የሚል እምነት፣ በዚህ በስደት በምንኖርበት አገር፣ እንደ ሃይማኖት ቀኖና ጸንቶ ይገኛል። የእምነቱ ሰባኪዎች መነኮሳት አይደሉም፤ በጋ በመጣ ቁጥር ሥራቸውንና ቤታቸውን ለጥቂት ወራት ትተው፣ ስንቃቸውንና ድንኳናቸውን በጀርባቸው አዝለው ወደ ዱር የሚገቡ ወጣቶችና ጎልማሶች ናቸው። ከስተው፣ ፊታቸው በፀሐይ ተለብልቦ፣ ጫማቸው አልቆ ይመለሳሉ። አያሌዎቹም መጽሐፍ ይጽፋሉ። መጽሐፎቻቸው በብዙ ነገር ቢለያዩም መደምደሚያቸው ይቀራረባል፦ ለሰው የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ ትዕግሥት ከጉልበት ይበልጣል፤ ሰው በዱር ብቸኝነት ራሱን ያውቃል።

ከእኛ ወገን ይህን የሚሰማ አንድም ይስቃል፣ አንድም ይቆጣል። አያቶቻችን ውሃ ለመቅዳትና እንጨት ለመልቀም የሄዱት ቢደማመር ከዚህ አይበልጥምን እየተባለ ይቀለዳል። ቀልዱ እውነት አለበት፤ ይሁን እንጂ ጥያቄን በቀልድ መሸኘት መልስ መስጠት አይደለም። መንገድ በእውነት ያስተምራልን? የሚያስተምር ከሆነስ ማንን ነው? ምንስ ነው የሚያስተምረው?

ጥያቄው በሬንተን ለሚኖር ኢትዮጵያዊ የሩቅ አይደለም። ከተማይቱ ከሲያትል በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በዋሽንግተን ሐይቅ ደቡባዊ ጫፍ ላይ ትገኛለች። ደመናው በተገለጠ ቀን 4,392 ሜትር ከፍታ ያለው የሬኒየር ተራራ ነጭ ሆኖ ከቤቶቹ ጣራ በላይ ይቆማል። (ከራስ ዳሸን ያንሳል ብሎ የሚኮራ ወገን አይጠፋም፤ ልክ ነው፤ የእኛው ተራራ ግን ይህን ያህል በረዶ ተሸክሞ አያውቅም።) በዚህ ተራራ ዙሪያ 150 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን የእግር መንገድ ይዞራል። ከሬንተን ወደ ምሥራቅ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል የተጓዘ ሰው ደግሞ ስኖኳልሚ ከተባለው የተራራ ማለፊያ ይደርሳል፤ በዚያም ፓሲፊክ ክረስት ትሬይል የሚባለው ዝነኛ የእግረኛ መንገድ አውራ ጎዳናውን ያቋርጣል። ይህ መንገድ ከሜክሲኮ ድንበር ተነሥቶ፣ ካሊፎርኒያን፣ ኦሪገንንና ዋሽንግተንን አልፎ፣ ካናዳ እስኪደርስ 4,265 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። በ1968 በሕግ ብሔራዊ መንገድ ተብሎ ተሰይሟል፤ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዳር እስከ ዳር ለመፈጸም ብዙውን ሰው አምስት ወር ገደማ ይፈጅበታል።

ሲያትልም ራሷ የዚህ እምነት መንበር ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1906 የተቋቋመው «ማውንቴይኒርስ» የተባለው የተራራ ወጪዎች ማኅበር መቀመጫው እዚሁ ነው። ማኅበሩ በ1930ዎቹ ለተማሪዎቹ አሥር ነገሮችን ሳይዙ ወደ ዱር መግባት እንደማይገባ ያስተምር ነበር፦ ካርታ፣ ኮምፓስ፣ የፀሐይ መነጽር፣ ትርፍ ልብስ፣ መብራት፣ የመጀመሪያ ርዳታ መድኃኒት፣ እሳት ማቀጣጠያ፣ ክብሪት፣ ቢላዋና ትርፍ ምግብ። ከዚያው ማኅበር የወጡ ባልና ሚስት በ1938 አር ኢ አይ የሚባለውን የኅብረት ሥራ መደብር መሠረቱ፤ ዛሬ በአገሩ ሁሉ ድንኳንና የጀርባ ቦርሳ የሚሸጥ ትልቅ ድርጅት ሆኗል። የመንገደኛን ስንቅ ለማቅለል የሚደረገውን ጥረት የተመለከተ ኢትዮጵያዊ ግን በልቡ ፈገግ ሳይል አይቀርም። ውሃው እንዲወጣለት ተደርጎ፣ በላስቲክ ታሽጎ፣ በውድ ዋጋ የሚሸጠው የመንገድ ምግብ የድርቆሽ የአክስት ልጅ ነው። በሶውም፣ ቆሎውም፣ ጭኮውም የተፈለሰፉት ለዚሁ ነበር።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። ይህን ረጅም መንገድ ከፈጸሙት ሰዎች መካከል ቅን የሆኑት፣ ምን ቀረላችሁ ተብለው ቢጠየቁ፣ ከተራራው ይልቅ ስለ ሰው መናገር ይቀናቸዋል። በመንገዱ አቅራቢያ በሚገኙ መንደሮች የማያውቁትን መንገደኛ ከቤታቸው የሚያሳድሩ፣ ልብሱን የሚያጥቡለት፣ ውሃ በሌለበት በረሃ ውሃ አምጥተው የሚያስቀምጡ ሰዎች አሉ፤ መንገደኞቹ «የመንገድ መላእክት» ይሏቸዋል። መንገደኞች በሚያርፉባቸው ሱቆችና ማደሪያዎችም ሣጥን ይቀመጣል። የተረፈው ያኖራል፤ የጎደለው ያነሣል፤ ጠያቂ የለም። በከተማ ሲኖር ጎረቤቱን በስሙ የማያውቅ ሰው፣ ዱር ገብቶ የማያውቀውን ሰው እንጀራ በላ። ደንግጦም ተመለሰ። መጽሐፉን «ራሴን አወቅሁ» ብሎ ሲሰይመው ግን የተማረውን ነገር በትክክል የጠራው አይመስለኝም።

አሁን ሌላውን መንገደኛ እናስብ። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ፣ ይልቁንም ቀይ ሽብር በተፋፋመበት በ1977 እና በ1978፣ ከዚያም እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ፣ ከጎንደርና ከአካባቢዋ የተነሡ ወገኖቻችን በመተማና በሁመራ አቅጣጫ ወደ ሱዳን ሄደዋል። ቀን ቀን ተደብቀው፣ ሌት ሌት ተጉዘው፣ ከወታደርና ከሽፍታ አምልጠው ገዳሪፍ የደረሱ አሉ። ያልደረሱም አሉ። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 ከሱዳን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ከተወሰዱት ቤተ እስራኤል በፊት፣ በመንገድና በመጠለያ ያለቁት ብቻ ወደ 4,000 እንደሚጠጉ ይገመታል። ጉዞው አላበቃም፤ መልኩን ነው የለወጠው። ከወሎና ከሌሎችም አገሮች ተነሥተው፣ በጅቡቲ ባሕሩን ተሻግረው፣ በየመን በረሃ ወደ ሳውዲ ዐረቢያ የሚጓዙት ወጣቶች ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 ባለው ጊዜ በድንበሩ ላይ በመቶዎች እንደተገደሉ ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2023 ባወጣው ዘገባ ገልጿል።

መንገድ በራሱ የሚያስተምር ቢሆን ኖሮ የዘመናችን ታላላቅ ፈላስፎች እነዚህ በሆኑ ነበር። ነገር ግን በሬንተንና በሲያትል አብረውን ከሚኖሩት፣ ያንን መንገድ በእግራቸው ካለፉት ሰዎች መካከል «ብዙ ነገር ተማርኩበት» የሚል ሰው ማግኘት ያስቸግራል። አብዛኞቹ አያነሡትም። ሲያነሡትም ተራራውን ወይም ከዋክብቱን ሳይሆን አብሯቸው የነበረውን ሰው ስም ጠርተው ዝም ይላሉ።

ልዩነቱ በርቀቱ ወይም በድካሙ አይደለም፤ በመመለስ መብት ላይ ነው። ከሜክሲኮ ድንበር ወደ ካናዳ የሚሄደው ሰው በየማለዳው ለመቀጠል ይወስናል። እግሩ ቢጎዳ፣ ገንዘቡ ቢያልቅ ወይም ቢሰለቸው እንኳ ወደሚቀርበው የመኪና መንገድ ወርዶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከዕለት ወደ ዕለት የሚሠለጥነው ፈቃዱ ነው፤ መከራውንም የመረጠው ስለሆነ መከራው ይታዘዝለታል። ወደ ሱዳን የሄደው ግን ከኋላው ያለው በር ተዘግቶበታል። መከራው እርሱን ያዝዘዋል እንጂ እርሱ መከራውን አያዝዝም። ስለዚህ መከራ ሰውን ያስተምራል የሚለውን አባባል፣ በተለይ የጠገበ ሰው ሲናገረው፣ በጥርጣሬ ልናየው ይገባል። የብዙኃኑን ረሃብና ስደት የነፍስ ማጠንከሪያ አድርጎ መስበክ የገዥዎች የቆየ ልማድ ነው።

የምግባር ጥያቄው የሚጠልቀው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ምርጫ በሌለበት ምግባር የለም ካልን፣ ተገዶ የሄደው ሰው ጉዞ ከምግባር ውጭ ሊሆን ነውን? ይህን ለማለት ከስደተኛ ጋር ተቀምጦ አለመስማት ያስፈልጋል። መሄድ አለመሄዱ በእጁ አልነበረም፤ ማንን ጠብቆ እንደሚሄድ ግን በእጁ ነበር። እናቱ መራመድ ሲያቅታት፣ ጸጥታ በሚያስፈልግበት ሌሊት የሰው ልጅ ሲያለቅስ፣ በኮዳው የቀረው ውሃ ለአንድ ሰው ብቻ ሲሆን መወሰን ነበረበት። በቅንጦት ከሚሄደው ሰው ምርጫ ይልቅ የዚህ ምርጫ ጠባብ ነው፤ ጠባብነቱ ግን አላቀለለውም። ሁለቱ መንገደኞች የሚገናኙትም እዚህ ላይ ይመስለኛል። በካስኬድ ተራሮች ልምድ ያለው የቡድን መሪ ዝግተኛውን ከፊት አድርጎ ይሄዳል፤ ርምጃው የሁሉም ርምጃ እንዲሆን። ወደ ሱዳን ሲሄዱ አሮጊቷን በየተራ ያዘሉት ሰዎች ይህን ከማንም አልተማሩም። ዱሩ ያደረገው ነገር ቢኖር፣ ሌላው ጊዜ በከተማ ግርግር የሚሸፈነውን ጥያቄ መግለጥ ብቻ ነው፦ አብሮህ የሚሄደው ሰው ለአንተ ማንህ ነው?

ይህን ሐሳብ የሚቃወም አንድ ትልቅ ምስክር እንዳለ አልዘነጋሁም። «ሐተታ ዘርአ ያዕቆብ» እንደሚተርከው፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ምክንያት የተከሰሰው ሊቅ ከአክሱም ሸሽቶ፣ ዳዊቱን ይዞ፣ በተከዜ አቅራቢያ በሚገኝ ዋሻ ሁለት ዓመት ብቻውን ኖሯል። ከሊቃውንት ጋር ሲኖር ካወቀው ይልቅ በዋሻው ብቻውን ሲኖር ያወቀው እንደሚበልጥም ይናገራል። የመጽሐፉ ደራሲ ማን እንደሆነ ምሁራን እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ደራሲው ጣሊያናዊው መነኩሴ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ሲል ክርክሩን ከፈተው፤ ክላውድ ሰምነር ደግሞ ኢትዮጵያዊነቱን ተሟግቶለታል። ለዛሬው ጉዳያችን ክርክሩ አያግደንም። ደራሲው ማንም ይሁን ማን፣ ታሪኩ በዋሻው አለማለቁን ልብ እንበል። ሱስንዮስ ከሞተ በኋላ ስደተኛው ከዋሻው ወጥቶ እንፍራዝ ይደርሳል፤ ሀብቱ የተባለ ባለጸጋ ይቀበለዋል፤ መጽሐፍ እየጻፈ፣ የሀብቱን ልጆች እያስተማረ ይኖራል፤ በዚያው ቤት የምታገለግለውን ሒሩትን ያገባል። በዋሻው ያሰበው የሰዎች እኩልነት የተፈተነው እዚያ ቤት ውስጥ፣ ገረድ የምትባለውን ሴት እንደ እኩያው ሲያገባ ነው። ሀብቱ በሩን ባይከፍት ኖሮ የዋሻው ፍልስፍና ከዋሻው ጋር በቀረ ነበር። ስለ ዘርአ ያዕቆብ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ሀብቱ የጻፈ ግን አላየሁም።

በሩን የሚከፍት ሰው መኖሩ በአገራችን የትምህርት ሥርዓት የተመሠረተበት ነገር ነበር። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ድጓ ለመማር ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አምባ፣ ቅኔ ለመቀኘት ወደ ዋሸራ፣ አቋቋም ለመማር ወደ ጎንደር በእግሩ ይሄድ ነበር። ብዙውን ጊዜ ከወላጆቹ ጠፍቶ ነው የሚወጣው። በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል የሚያገኘው ቁራሽ ትምህርቱን ያቆመለታል። ይህ መንገደኛ ወዶ የወጣ ነው ወይስ ተገዶ? ሁለቱም ነው። ዘመድ አልባነቱ ተገድዶ፣ ዕውቀት መሻቱ ወዶ። የመሸበት መንገደኛም የእግዜር እንግዳ ይባል ነበር እንጂ ማንነቱን የሚያጣራ አልነበረም። ያን ዘመን ግን በናፍቆት ብቻ ማየት አይገባም። ተማሪው በውሻ ተነክሷል፤ በርሃብና በተስቦ ወድቆ ቀርቷል። ገበሬውም በደስታ ካበላው እንግዳ ይልቅ በትእዛዝ ያበላው ይበዛ ነበር፤ ድርጎ ተብሎ ለሹምና ለወታደር፣ ንጉሥ ለፈቀደለትም የውጭ ተጓዥ፣ ከልጆቹ አፍ ነጥቆ ሰጥቷል። እንግዳ መቀበል በጉልበት ሲሆን ግብር ነው።

ስለ ዱሩም ራሱ አንድ ነገር መባል አለበት። በቋንቋችን «ዱር ቤቴ» ብሎ የሚወጣው ሽፍታ ወይም አርበኛ ነው፤ ከዚያ ውጭ መናኙ አለ። ለመዝናናት ዱር መግባት የሚል ሐሳብ ለእኛ እንግዳ ነው። በ1964 የወጣው የአሜሪካ ሕግ በበኩሉ ዱር ማለት ሰው እንግዳ ሆኖ የሚያልፍበት እንጂ የማይሰነብትበት ስፍራ ነው ይላል። ከሬንተን በስተ ምሥራቅ ያለው የአልፓይን ሌክስ ዱር በ1976 በዚሁ ሕግ ተከልሏል። ሕጉ መልካም ነው፤ ደኑን ከመጋዝ አድኗል። ይሁን እንጂ እነዚህን ተራሮች የሚያቋርጡት የጥንት መንገዶች የተቀደዱት በነባሮቹ ሕዝቦች እግር ነበር። በሬንተን የዱዋሚሽ ሕዝብ መንደሮች በጥቁር ወንዝ ዳር ነበሩ። በ1855 በተደረገው ውል መሬቱ ከእጃቸው ወጣ፤ በ1916 ደግሞ ለመርከብ መተላለፊያ ቦይ ሲባል የዋሽንግተን ሐይቅ ሦስት ሜትር ያህል ዝቅ እንዲል ተደረገና ወንዙ ደረቀ። የእኛም ስሜን ከዚህ አላመለጠም። በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የስሜን ብሔራዊ ፓርክ ለማዳን፣ የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 ወደ ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። ዋልያው መዳን አለበት፤ ይህን የሚክድ የለም። ዛሬ በግጭ ሜዳ ድንኳኑን ተክሎ ጸጥታውን የሚያደንቅ ተጓዥ ግን ጸጥታው ከየት እንደመጣ ቢጠይቅ አይከፋም።

ሰው እንግዳ ሆኖ የሚያልፍበት እንጂ የማይሰነብትበት! ይህ ሐረግ ሳነበው ስለ ዱር የተጻፈ አልመሰለኝም፤ ስለ እኛ የተጻፈ መሰለኝ። በስደት ከተማዎች የኖርነው በዚሁ አንቀጽ ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በአሜሪካና በአውሮፓ የነበሩ የተማሪ ማኅበራት አባላት ትምህርታቸውን ጨርሰው ለመመለስ፣ ተመልሰውም አገር ለመለወጥ ሻንጣቸውን ሳይፈቱ ኖረዋል። የተመለሱ አሉ፤ ብዙዎቹም ተሠውተዋል። ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ «ከርሞ እንገባለን» እያለ ልጆቹን እዚህ ዳረ። (በየመከሩ ሴዳር ወንዝን ሽቅብ ስለሚመለሰው፣ ከሬንተን ቤተ መጻሕፍት መስኮት ሥር ስለሚታየው ዓሣ የሚባለውን ለገጣሚዎች እተዋለሁ፤ ዓሣው የሚመለሰው ለመሞት ነው።) ሻንጣን አለመፍታት ክብር አለው፤ አገርን አለመርሳት ነው። አደጋም አለበት። አላፊ ነኝ የሚል ሰው ለሚያልፍበት ስፍራ ዕዳ የለብኝም ማለት ይቀለዋል። ጎረቤቱን አይጠይቅም፣ በአካባቢው ጉዳይ አይሳተፍም፣ በደጁ የመሸበትን መንገደኛ የባለአገሮቹ እንግዳ አድርጎ ያልፈዋል።

ይህን የምለው በሐሳብ ደረጃ አይደለም። ከሬንተን ጋር በምትዋሰነው በቱክዊላ፣ ሪቨርተን ፓርክ በተባለው የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ጥገኝነት ጠያቂዎች በድንኳን ሰፍረው ነበር። ቁጥራቸው በመቶዎች እስኪቆጠር ደረሰ፤ አብዛኞቹ ከአንጎላ፣ ከኮንጎና ከቬኔዝዌላ የመጡ ነበሩ። ከተማይቱ በ2023 መከር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀች። ከእነርሱም መካከል በኮሎምቢያና በፓናማ መካከል ያለውን 100 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ የዳሪየን ጫካ በእግራቸው ያቋረጡ ይገኙባቸው ነበር፤ በ2023 ብቻ ከ520,000 በላይ ሰዎች ባለፉበት መንገድ። በዚያ ጫካ ካለፉት መካከል ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም ነበሩ። በሣሩ ላይ የተተከሉት ድንኳኖች ሰዎች ለበጋ ዕረፍት ወደ ተራራ ይዘዋቸው የሚወጡት ዓይነት ቀላል ድንኳኖች ነበሩ። በጥር 2024 ብርዱ ሲጠና በውስጣቸው ሕፃናት ይተኙ ነበር።

በየቤታችን የተባለውን ሁላችንም ሰምተናል። «እኛ ስንመጣ ማን ረዳን?» ተባለ። መልሱ የሚታወቅ ነው። በ1980 የወጣው የስደተኞች ሕግ ከሱዳን መጠለያዎች ለመጡት ወገኖቻችን መንገድ ከፈተ፤ ብዙዎቹን በአውሮፕላን ማረፊያ የተቀበሏቸው፣ ካፖርት ያለበሷቸው፣ የመጀመሪያውን ወር የቤት ኪራይ የከፈሉላቸው ዋስ የሆኗቸው የማያውቋቸው ሰዎች ነበሩ። «እነዚህ የእኛ ሰዎች አይደሉም» የሚልም ነበር። እንፍራዝ ላይ ሀብቱ እንዲህ ብሎ ቢሆን ኖሮስ?

በበጋ ወራት ከወጣቶቻችን መካከል ወደ ስኖኳልሚና ወደ ሬኒየር የሚወጡ በዝተዋል፤ ይህን የሚነቅፍ ሽማግሌ ካለ አልተባበረውም፤ እግርም ዓይንም ደስ ሊለው ይገባል። ከሬንተን መሀል ከተማ እስከ ቱክዊላው ቤተ ክርስቲያን ግን ካርታም ኮምፓስም አያስፈልግም፤ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ነው። መንገዱ ጥቁር ወንዝ ይፈስበት በነበረው ሜዳ አድርጎ፣ ድልድይ ተሻግሮ፣ በአውራ ጎዳናው ሥር ያልፋል። መጨረሻው ላይ አንዲት አጭር አቀበት አለች።